ኖኮዲቢ በኩበርኔቲስ ላይ፤ ምን ይጠፋል? ምን ይቀራል?

ኖኮዲቢ ፖስትግሬስን በመሰለ ዳታቤዝ ላይ ተቀምጦ ሠንጠረዦቹን እንደ ኤክሴል ገጽ አድርጎ የሚያሳይ ሶፍትዌር ነው። ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ የመጋዘን ሠራተኛ በቀጥታ ገብቶ ይመዘግባል፣ ይፈልጋል፣ ያርማል። በራስ ሰርቨር ላይ ስለሚጫን የደንበኞች ስምና ስልክ ቁጥር ከድርጅቱ እጅ አይወጣም። መረጃውን በእጁ ያስቀረ ድርጅት ግን ጥበቃውንም አብሮ ተረክቧል።

በአንድ ማሽን ላይ መጫኑ ቀላል ነው። ብዙ ማሽኖችን በኩበርኔቲስ እንደ አንድ ክላስተር አስተባብሮ ለሚሠራ ድርጅት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ይህ ሥርዓት የሚሠራው በጽሑፍ በተሰጠው ፍላጎት ነው። አስተዳዳሪው «አንድ ኖኮዲቢ ሁልጊዜ ይኑር» የሚል ፋይል ያስገባል፤ ኩበርኔቲስም የተጻፈውንና በተግባር ያለውን ሳያቋርጥ እያነጻጸረ ልዩነቱን ያስተካክላል። ኮንቴይነሮቹ፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ ታሽገው የሚሠሩባቸው ጥቅሎች፣ ፖድ በሚባል ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። የተበላሸ ፖድ አይጠገንም፤ ይጣልና በሌላ ይተካል። አዲሱ በውስጡ ከአሮጌው ምንም ይዞ አይመጣም።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኖኮዲቢ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር የተጠቃሚዎችን ዝርዝር፣ ፈቃዶችንና የገጾቹን አቀማመጥ የሚይዘው በኮንቴይነሩ ውስጥ ባለ የኤስኪውላይት ፋይል ነው። ለሙከራ ይበቃል። በክላስተር ላይ እንዲሁ ቢተው ግን ፖዱ ሲተካ ሁሉም ባዶ ሆኖ ይጠብቃል። ተጠቃሚዎች የሚያያይዟቸው ፎቶዎችና ሰነዶችም የተለየ ማከማቻ ካልተመደበላቸው አብረው ይጠፋሉ። ኩበርኔቲስ የታዘዘውን ስለፈጸመ በማናቸውም ሰሌዳ ላይ ስሕተት አይታይም፤ ጉዳቱን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ስለዚህ የሚጣለውና የሚቀረው መለየት አለባቸው። ኖኮዲቢ ፖዶችን ያለ ልዩነት በሚተካው፣ ዲፕሎይመንት በሚባለው አሠራር ይሰማራና የፖስትግሬስ አድራሻ በቅንብሩ ይሰጠዋል። ፖስትግሬስ ደግሞ በስቴትፉልሴት ይሰማራል። ይህ አሠራር ለእያንዳንዱ ፖድ የማይለወጥ ስምና የራሱን ዲስክ ይይዝለታል፤ ፖዱ ሲሞት ዲስኩ እንደ ርስት ለተተኪው ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ፔትሴት ተብሎ ለሙከራ የወጣ ሲሆን፣ አስተማማኝ ደረጃ ላይ ደረሰ የተባለው በ2017 መጨረሻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የፖስትግሬስ ፖዶችን ቁጥር ከ1 ወደ 3 ማሳደግ ሦስት ቅጂ ያስገኝ ይመስላል፤ የሚገኙት ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ዳታቤዞች ናቸው። ዋናውን መሾም፣ ለውጡን ወደ ሌሎቹ ማስተላለፍ፣ ዋናው ሲወድቅ ምክትሉን ማንሣት የኩበርኔቲስ ሥራ አይደለም። ለዚህ ክላውድኔቲቭፒጂን የመሰለ ልዩ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል፤ እኔም በእጅ ከመገጣጠም እሱን መጠቀምን አጥብቄ እመክራለሁ።

ዲስኩም ራሱ ዋስትና አይደለም። ክላስተሩ በራሱ የሚያዘጋጃቸው ዲስኮች፣ ደንቡ ካልተለወጠ በቀር፣ የተጠየቁበት መዝገብ ከክላስተሩ በተሰረዘ ጊዜ ከነመረጃቸው ይሰረዛሉ፤ ደንቡን «አቆይ» ወደሚለው መለወጥ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል የሚገባበት ሲክሬትም በነባሪው በቤዝ64 የተጻፈ እንጂ የተመሰጠረ አይደለም፤ ማየት የተፈቀደለት ሁሉ ያነበዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ባክአፕ ነው። በስሕተት የተሰጠ የመሰረዝ ትእዛዝ በሴኮንዶች ውስጥ ወደ ቅጂዎቹ ሁሉ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚያድነው ከክላስተሩ ውጭ የተቀመጠ ባክአፕ ነው። እሱንም በየጊዜው ባዶ ዳታቤዝ ላይ ዘርግቶ፣ ኖኮዲቢን አገናኝቶ፣ ሠንጠረዦቹ በትክክል መከፈታቸውን ማየት ያሻል። ይህን የሚያደርግ ሰው ለሌለው ትንሽ ቢሮ ክላስተር አልመክርም። አንድ ማሽንና በየሌሊቱ ከሕንፃው ውጭ የሚላክ ባክአፕ ይሻለዋል።