ማንኮራፋቱ ድንገት ሲቆም

ቦንጋ ላይ ቀን የሚያንጎላጅ ሰው መፍትሔው ቅርቡ ነው፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው አለለት። ቡና እንቅልፍን ለጥቂት ሰዓታት ያባርራል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ደክሞት የሚነሳ ሰው ግን ቡናው ችግሩን ሊሸፍንበት ይችላል። ለእንዲህ ያለ ድካም አንዱ ምክንያት በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል።

ሕመሙን ከታማሚው ይልቅ አጠገቡ የሚተኛው ያውቀዋል። ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ያንኮራፋል፤ ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱና ሆዱ ይታገላሉ፣ አየር ግን አይገባም። ከአፍታ በኋላ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው አየር ስቦ ይገላበጥና ማንኮራፋቱን ይቀጥላል። ጠዋት ሲጠየቅ ምንም አያስታውስም።

ስንተኛ የምላስና የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። የአየር መተላለፊያው አስቀድሞ ጠባብ ከሆነ ይዘጋል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ አንጎልም ለመተንፈስ ሲል ይባንናል። መተላለፊያውን ከሚያጠቡት መካከል ውፍረት፣ ወደኋላ የገባ አገጭና ትልቅ እንቅርት ይገኛሉ፤ በልጆች ላይ ደግሞ በአብዛኛው ያበጠ ቶንሲል ነው። ማታ የሚጠጣ ጠጅና አረቄ ጡንቻዎቹን ይበልጥ ያላላል። ብዙም በማይታየው ሌላው ዓይነት ጉሮሮው ክፍት ሆኖ አንጎል የመተንፈስ ትእዛዝ ያቋርጣል፤ የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ያጠቃል።

በምርመራ የሚቆጠረው ቢያንስ 10 ሴኮንድ የቆየ የትንፋሽ መቋረጥ ወይም መቀነስ ነው። በአዋቂዎች በሰዓት ከ5 እስከ 14 ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ሳይታከም ከቆየ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ይያያዛል። ከቦንጋ ጅማ ለሚያሽከረክር ሰው ደግሞ መሪ ላይ ማሸለብ የራሱንም የተሳፋሪውንም ሕይወት ያስከፍላል።

ሕክምናው እንደ መንስኤው ይለያያል። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና ማታ መጠጥ መተው ብዙዎችን ይረዳል። ለልጆች ቶንሲሉን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል። ለመካከለኛና ለከባድ ሕመም ዋናው መሣሪያ ሲፓፕ ነው፤ በአፍንጫ ጭምብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይይዘዋል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሲሆን፣ መብራት ይፈልጋል፤ በየሌሊቱም ካልተደረገ አይሠራም። በባህል እንጥል ማስቆረጥ ግን ሕክምና አይደለም፤ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል።

ስለዚህ የትዳር ጓደኛዎ «ሌሊት ትንፋሽህ ይቆማል» ወይም «ትንፋሽሽ ይቆማል» ካለዎት እንደ ቀልድ አይለፉት። በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ቦንጋ ወዳለው ገብረፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ሲሄዱ አብረው ይሂዱ፤ ደም ግፊትዎን ይለኩ፣ የሰማው ሰው ራሱ ለሐኪሙ ይናገር። ስልክ ላይ የተቀዳ ድምፅ ካለም ያሰሙ፤ ለምርመራው ጥሩ መነሻ ነው።