ሲሞቅ የሚያኮርፍ ሞተር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለሰው ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለመኪናም እንደሚሠራ የተማርኩት ከአጎቴ አሮጌ አይሱዙ ነው።

አጎቴ በዚህች መኪና ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ ያራግፋል። ልጆቹን ያሳደገባት እሷው ናት። ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ አመል አመጣች። ጠዋት ቁልፉን ገና ነካ ሲያደርገው ትነሳለች። ጭነት ይዛ ዳገቱን ከወጣች በኋላ ካጠፏት ግን አለቀ! ሞተሪኖው ያሽከረክራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። አንድ ሰዓት ያህል ቆማ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሳለች።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? አለማጥፋት! አጎቴ ሞጆ ላይ ምሳ ሲበላ ሞተሩ እየሠራ፣ ገበያው ውስጥ ወረፋ ሲጠብቅም እየሠራ። ያውም ናፍጣ በዚህ ዋጋ! አንድ ቀን ከነጭነቷ ዳገት ላይ ጠፋችበት። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ ማገዣ እየደከመ ስለሚሄድ ፔዳሉ ይደነድናል። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ባይወሽቅ ኖሮ፣ ከኋላ የነበረው ሚኒባስ ላይ ትንሸራተት ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር ተጀመረ። አንዱ «ባትሪ ነው» አለው፤ ሁለት ባትሪ ገዛ። ሌላው «ሞተሪኖው ነው» አለው፤ ሞተሪኖ ቀየረ። ሦስተኛው «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድና ይታደስ» ብሎ የጠየቀው ገንዘብ፣ አጎቴ ለልጁ የኮሌጅ ክፍያ ያስቀመጠውን ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

እኔ በልጅነቴ ክረምት ክረምት ከአጎቴ ጋር ረዳት ሆኜ እሠራ ስለነበር ጥቂት መካኒኮች አውቃለሁ። አንድ አዛውንት ጋ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ካቻቢቴ እንኳ አላነሱም። ጠየቁ።

«መቼ ነው የምታስቸግርህ?»

«ስትሞቅ ነው፣ ጋሼ።»

«ለሌሎቹስ ይህን ነግረሃቸዋል?»

አጎቴ ትንሽ አሰበ። «እኔ እንኳ አልነሳ አለች ብቻ ነው ያልኳቸው» አለ።

አዛውንቱ ፈገግ አሉ። የናፍጣ ሞተር የሚነሳው አየሩ በፒስተን ተጨምቆ ሲግል፣ የሚረጨው ናፍጣ በዚያ ግለት ስለሚቀጣጠል ነው። ስለዚህ የሞቀ ሞተር ከቀዘቀዘው በቀላሉ መነሳት አለበት። ፋሻው ያለቀ፣ መጭመቅ የደከመ ሞተር በአብዛኛው የሚያስቸግረው ጠዋት፣ በብርድ ነው። «ያንተዋ ግን ተቃራኒ ናት። ሞተር ለመበተን አትቸኩል። መጀመሪያ ሙቀት የሚቀይረውን ነገር እንፈልግ» አሉት።

በማግስቱ መኪናዋን ከነጭነቷ ነድተን፣ አሙቀን መጣንና አጠፋናት። እንደለመደችው እምቢ አለች። ያኔ ምርመራው ተጀመረ።

መጀመሪያ ጆሮ ነው የሠራው። ሞተሪኖው የሚያዞረው እንደ ጠዋቱ ፈጠን ብሎ ነው ወይስ እያቃሰተ? ሞተሪኖና ካቦ ሲግሉ ይደክማሉ፤ ካቃሰተ ባትሪ ከመግዛት በፊት የካቦውን ጫፎችና ማሳውን ፈትቶ ማጽዳት ይቀድማል። የእኛው ግን ያለ ችግር ያዞራል። የአጎቴ ሁለት ባትሪና ሞተሪኖ በከንቱ መገዛታቸው እዚያው ላይ ታወቀ።

ሁለተኛው የኔ ሥራ ነበር። «አንተ ጎረምሳ፣ ጭስ ማውጫውን እይልኝ» አሉኝ፤ ጎረምሳነቴ ካለፈ እንኳ ቆይቷል። ሞተሩ እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ አልተቀጣጠለም ማለት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ግን ናፍጣው አልደረሰም። አየሁ፤ ምንም የለም።

ሦስተኛ፣ በእጅ የሚገፋውን የናፍጣ ፖምፓ ደጋግመው ገፉና ማስተንፈሻውን ብሎን ላላ አደረጉት። አየር ከገባ አረፋ ይወጣል። የወጣው ንጹሕ ናፍጣ ነው። እስከ ዋናው ፖምፓ ድረስ ሰላም ነው ማለት ነው።

በመጨረሻ ጨርቅ በውኃ ነክረው፣ ጨምቀው ዋናውን ፖምፓ ጠቀለሉት። ሻይ ጠጣን። ጨርቁን ሁለት ጊዜ ቀየሩትና «በል ሞክር» አሉት። አጎቴ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች!

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል። የፖምፓው ውስጥ አካል ካለቀ፣ የቀጠነው ናፍጣ ወደ ኖዝሉ በግፊት ከመሄድ ይልቅ በክፍተቱ ወደ ኋላ ያመልጣል። ሞተሪኖው ሲያዞረው ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ግፊቱ አይሞላም፤ አንዴ ከተነሳ ግን ፍጥነቱ ያካክሰዋል። እየሠራች ሳለ ደህና የምትመስለው ለዚህ ነው። ታዲያ ጨርቁ መመርመሪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። በጋለ ፖምፓ ላይ፣ በተለይ ሞተሩ እየሠራ፣ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ደግሞ ጭራሽ እንዲነክስ ሊያደርገው ይችላል።

አዛውንቱ አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር። «ናፍጣ ከየት ነው የምትቀዳው?»

አጎቴ መሬት መሬት አየ። ማደያ ሰልፍ ሲበዛበት ከመንገድ ዳር በጀሪካን ይገዛ እንደነበር የተናዘዘው ያን ጊዜ ነው። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ውኃና አቧራ ያለበት ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ እንደ አሸዋ ይበላዋል። «ዕድሜም አለበት፤ እንዲህ ያፈጠነው ግን ጀሪካኑ ሳይሆን አይቀርም» አሉ ሽማግሌው።

ፖምፓው ወርዶ ፖምፓ ቤት ሄደ፣ ያለቀው ተቀየረ፣ ልኩ ተስተካከለ። ወጪው ቀላል አልነበረም፤ የኮሌጁን ክፍያ ግን አልነካም። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ፊልትሮው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ በየጊዜው ያፈሳል፣ የጀሪካን ናፍጣም እርም ብሏል።

እናንተም እንዲህ ያለ መኪና ካላችሁ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ይቺን ያዙ። የምታስቸግረው ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ? ሞተሪኖው በፍጥነት ያዞራል? ጭስ አለ? ስንት ደቂቃ ቆይታ ትነሳለች? ናፍጣውስ ከየት ነው? ቢያሳፍርም ተናገሩ።

ባለፈው ሳምንት አብሬው ሞጆ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። አጎቴ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወረደ። ሳይጣደፍ ሁለት ሻይ ጠጣ።