ኬቿና ኢሎካኖ፤ ስለ ቋንቋዎች መመሳሰልና ስለ ዝምድና

በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖር የኬቿ ተናጋሪ «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት «ያያይኩ» ብሎ ይጀምራል። ከሰላማዊ ውቅያኖስ ማዶ በፊሊፒን ደሴቶች፣ በሉዞን ሰሜን የሚኖር የኢሎካኖ ተናጋሪም ይህንኑ ጸሎት «አማሚ» ብሎ ይጀምረዋል። ሁለቱ ቃላት በድምፅ አይገናኙም፤ በአሠራር ግን አንድ ናቸው። «ያያ» በኬቿ፣ «አማ» በኢሎካኖ አባት ማለት ነው። «ይኩ» እና «ሚ» ደግሞ «የእኛ» ማለት ናቸው፤ ነገር ግን የሚናገሩትን ሰዎች ብቻ ይዞ የሚሰማውን ከውስጡ የሚያወጣ «የእኛ» ነው።

በዐማርኛ አንድ ሰው ለእንግዳው «ቤታችን» ቢለው፣ እንግዳው የቤቱ ተካፋይ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ከነገሩ አካሄድ እንጂ ከቃሉ ሊያውቅ አይችልም። በኬቿ ግን ቤት «ዋሲ» ሲሆን፣ «ዋሲንቺክ» ያለ ሰው ሰሚውን ጨምሮ የእኔም የአንተም ቤት ማለቱ ነው፤ «ዋሲይኩ» ያለ ግን የእኛ እንጂ የአንተ አይደለም ማለቱ ነው። ኢሎካኖም ቤትን «ባላይ» ብሎ፣ ሰሚውን ሲጨምር «ባላይታዮ»፣ ሲለየው «ባላይሚ» ይላል። ከዚህም አልፎ «ባላይታ» የሚል ሦስተኛ አነጋገር አለው፤ ይኸውም የእኔና የአንተ፣ የሁለታችን ብቻ ማለት ነው። ይህ ሦስተኛው ከላይ በተጠቀሰው ኬቿ አይገኝም።

ለጸሎት ተርጓሚዎች ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አልነበረም። ሰሚው እግዚአብሔር ነውና፣ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ቃል ሰሚውን በሚጨምረው «እኛ» ቢተረጐም እግዚአብሔርን ከበደለኞች ጋር መቍጠር ይሆን ነበር። ስብከት ላይ ሲደረስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እስፓንያዊው ካህን «እኛ ኃጢአተኞች» ሲል ምእመናኑን ከራሱ ጋር አንድ ማድረጉን ወይም ከእነርሱ መለየቱን ቋንቋው ራሱ ያስገድደዋል። አሻሚ ሆኖ መቅረት አይቻልም።

የላቲንም የእስፓንኛም ሰዋስው አንድ «እኛ» ብቻ ስላለው፣ ሚሲዮናውያኑ ይህን ለመገንዘብ ከትምህርት ቤታቸው ያገኙት መሪ አልነበረም። ልዩነቱን በአውሮፓውያን መካከል መጀመሪያ በታተመ መጽሐፍ የገለጸው የዶሚኒካን መነኩሴ ዶሚንጎ ዴ ሳንቶ ቶማስ ነው፤ በ1560 ዓ.ም. በቫያዶሊድ ባሳተመው የኬቿ ሰዋስው ውስጥ ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በ1584 ዓ.ም. በሊማ የታተመው የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ በእስፓንኛ፣ በኬቿና በአይማራ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በደቡብ አሜሪካ ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። ለኢሎካኖም የአውጉስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ የነበረው ፍራንሲስኮ ሎፔዝ በ1621 ዓ.ም. የትምህርተ ክርስቶስ ትርጕም፣ በ1627 ዓ.ም. ደግሞ የሰዋስው መጽሐፍ አሳትሟል። ስለዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ መንግሥት ሥር፣ በአንድ ዓይነት ካህናት እጅ፣ በአንድ የላቲን መለኪያ ተሰፍረው ወደ ጽሑፍ ገብተዋል። ዛሬ መዛግብቱን ጐን ለጐን የሚያነብ ተማሪ ቋንቋዎቹ ከእውነተኛ መልካቸው ይልቅ ተቀራርበው ቢታዩት የሚያስገርም አይደለም።

እንግዲህ የሁለቱ «እኛ» መኖር ዝምድናን ያመለክታልን? አያመለክትም። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ ጎረቤትና የኢትዮጵያም ቋንቋ የሆነው ሶማልኛ ሰሚውን የሚጨምረውን «ኢናጋ»፣ የሚለየውን «አናጋ» ብሎ ይለያል። ሶማልኛ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ ከዐማርኛ ጋር የሩቅ ዝምድና ሲኖረው ከኬቿና ከኢሎካኖ ጋር ምንም የታወቀ ዝምድና የለውም። ሰው በሚናገርበት ቦታ ሁሉ ተናጋሪና ሰሚ ስላሉ፣ ይህን የመሰለ ክፍፍል ተለያይተው በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ በየራሱ ሊበቅል ይችላል።

የቃላት መመሳሰልም ከዚህ ያላነሰ ያሳስታል። ላም በኬቿ «ዋካ»፣ በኢሎካኖ «ባካ» ትባላለች፤ ፈረስ በኬቿ «ካዋሉ»፣ በኢሎካኖ «ካባልዮ» ይባላል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ይህን አይቶ ዝምድና አገኘሁ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም ከእስፓንኛ የተወሰዱ ናቸው። እስፓንያውያን ከመምጣታቸው በፊት በአንዲስ ላምም ፈረስም አልነበረም። ኢሎካኖ ጠረጴዛን «ላሚሳአን» ሲለው ደግሞ የእስፓንኛውን መስተአምር ከቃሉ ጋር አጣብቆ ወስዶ፣ ከኋላው የራሱን ባዕድ ጨምሮበታል። አባት በኬቿ «ታይታ»፣ በኢሎካኖ «ታታንግ» መባሉ ሌላ ምክንያት አለው፤ የሕፃን አፍ በመጀመሪያ የሚያወጣቸው ድምፆች በየትም አገር ጥቂት ስለ ሆኑ፣ የእናትና የአባት መጠሪያዎች በዓለም ሁሉ ይመሳሰላሉ። የአጋጣሚ ነገርም አለ፤ በኢሎካኖ አባት የሆነው «አማ» በኬቿ «አታድርግ» የሚል የመከልከያ ቃል ነው።

እውነተኛ ዝምድና ምን እንደሚመስል ለማየት ኢሎካኖን ከማዳጋስካር ቋንቋ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ውሃ በኢሎካኖ «ዳኑም»፣ በማላጋሲ «ራኑ»፤ ደም «ዳራ» እና «ራ»፤ ሁለት «ዱዋ» እና «ሩአ»። ኢሎካኖ በመነሻ «ደ» ባለበት ማላጋሲ «ረ» ይላል። ደግሞም ሰባት «ፒቶ» እና «ፊቱ»፤ እሳት «አፑይ» እና «አፉ»፤ ልብ «ፑሶ» እና «ፉ»፤ በአንዱ «ፐ» ያለበት በሌላው «ፈ» ነው። ቁም ነገሩ ቃላቱ መመሳሰላቸው ሳይሆን፣ ልዩነታቸው ራሱ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። ኖርዌያዊው ኦቶ ዳል በ1951 ዓ.ም. የማላጋሲ የቅርብ ዘመድ በቦርኔዮ ደሴት እንደሚገኝ ያሳየው በዚህ ዓይነት ምርመራ ነው። በኬቿ ግን ውሃ «ያኩ»፣ ደም «ያዋር»፣ እሳት «ኒና»፣ ልብ «ሱንቁ»፣ ሁለት «ኢስካይ»፣ ሰባት «ቃንቺስ» ናቸው። ከኢሎካኖ ጋር የሚያገናኛቸው ሥርዓት አይገኝም።

በቃል አሠራር ረገድም ሁለቱ ተቃራኒ መንገድ ይዘዋል። ኬቿ ባዕድን የሚጨምረው ከቃሉ በስተኋላ ብቻ ነው። «ዋሲንቺክኩናፒ» የሚለው አንድ ቃል ቤት፣ የእኔና የአንተ፣ ብዛት፣ በ እያለ በተራ ተቀጣጥሎ «በቤቶቻችን» የሚል ትርጕም ይሰጣል። ግሱም በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ ይህ ለዐማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ተናጋሪው የነገሩን ምንጭ እንዲገልጽ የሚያደርጉት ባዕዶች ናቸው። በአያኩቾ አነጋገር «ፓራችካንሚ» ያለ ሰው እየዘነበ መሆኑን ራሱ አረጋግጦ ይመሰክራል፤ «ፓራችካንሲ» ቢል ዘነበ ሲሉ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው፤ «ፓራችካንቻ» ቢል ግን ሳይዘንብ አይቀርም ብሎ መገመቱ ነው። ዐማርኛ ለዚህ «አሉ» ወይም «ይመስለኛል» የሚል ሌላ ቃል መጨመር ያስፈልገዋል።

ኢሎካኖ ግን ግሱን ያስቀድማል፤ ባዕዱንም ከፊት፣ ከኋላና ከሥሩ መካከል ያገባል። «ጋታንግ» መግዛት ሲሆን፣ «ጉማታንግ» ሲባል «ኡም» ከመጀመሪያው ተነባቢ ቀጥሎ ገብቶ ነገሩን በገዢው ላይ ያሳርፋል። «ጋታንገን» ሲባል ትኩረቱ የሚገዛው ዕቃ ላይ ነው፤ «ኢጋታንጋን» ሲባል ደግሞ የሚገዛለት ሰው ይጐላል። አንዳንድ የጥንት ሰዋስው ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ በላቲን ገቢርና ተገብሮ ለመክፈል መሞከራቸው ቋንቋውን አጥቧል፤ ገቢር አንድ፣ ተገብሮ አንድ ብሎ የሚቈጥር ሰው ሦስተኛውን የት ያስቀምጠዋል? ብዛትን ሲያመለክት ደግሞ ቃሉን ይደጋግመዋል፤ ፍየል «ካልዲንግ»፣ ፍየሎች «ካልካልዲንግ» ናቸው። ዐማርኛ «ትልልቅ»፣ «ረጃጅም» እንደሚለው ዓይነት ነው፤ ይህም መመሳሰል ዝምድና አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ኬቿና ጎረቤቱ አይማራ በአሠራር እጅግ ይቀራረባሉ፤ ከቃላታቸውም ብዙው የጋራ ነው፤ ሦስት በሁለቱም «ኪምሳ» ነው። ሆኖም አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን የሚያዩት ለረጅም ዘመን አብሮ ከመኖር የመጣ መዋዋስ አድርገው ነው፤ ከአንድ እናት መወለዳቸው አልተረጋገጠም። ጎን ለጎን የሚኖሩ ቋንቋዎች ዝምድና ይህን ያህል የሚያከራክር ከሆነ፣ በውቅያኖስ የተለያዩት የኬቿና የኢሎካኖ ዝምድና በጥቂት ቃላት ሊቆም አይችልም።

ነገር ግን ውቅያኖሱ ፍጹም ግድግዳ እንዳልነበረ የሚመሰክር አንድ ተክል አለ፤ እርሱም ስኳር ድንች ነው። ትውልዱ አሜሪካ ሲሆን፣ አውሮፓውያን ከመድረሳቸው በፊት በፖሊኔዥያ ደሴቶች ይታረስ ነበር። በዚያም «ኩማራ» ይባላል፤ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ስም በኬቿ ቀበሌኛዎች ተመዝግቧል። የፖሊኔዥያ ቋንቋዎች የኢሎካኖ ዘመዶች ስለ ሆኑ፣ ይህ ቃል ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ ክር ይመስላል። በ2018 ዓ.ም. የወጣ የዕፅዋት ጥናት ተክሉ ያለ ሰው እርዳታ ሊሻገር ይችል እንደ ነበር ተከራክሯል፤ በ2020 ዓ.ም. የወጣ የዘረ መል ጥናት ደግሞ በ1200 ዓ.ም. ገደማ ፖሊኔዥያውያንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መገናኘታቸውን አሳይቷል። በዚህ ሁለተኛው ጥናት ለፖሊኔዥያውያኑ የቀረበ ሆኖ የተገኘው ግን የኬቿ ተናጋሪ ሳይሆን የዛሬዋ ኮሎምቢያ ነባር ሕዝብ ነው። የኢሎካኖ ገበሬ ደግሞ ስኳር ድንችን «ኩማራ» አይለውም፤ «ካሞቲግ» ይለዋል። ይህም የሜክሲኮ የናዋትል ቃል ሲሆን፣ በእስፓንኛ አፍ አልፎ፣ ከአካፑልኮ ወደ ማኒላ ይመላለሱ በነበሩት የእስፓንያ መርከቦች ዘመን የደረሰው ነው።