ተጨማሪ መረጃ፦ ሙቀት የሚያስረጀው ካፓሲተር
በሰመራ ሰኔ ላይ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። እናንተ ጥላ ትፈልጋላችሁ፤ የፍሪጃችሁ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ግን መሸሻ የለውም። በሰሌዳው ላይ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ነው። ይህ የኤሌክትሪክ ሙል የሚያከማች፣ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ቆርቆሮ መሰል ክፍል ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግምት በግማሽ ያጥራል፤ ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይተናልና። ደግነቱ፣ ብየዳውን አቅልጦ በሌላ መተካት ይቻላል። ሰሌዳው በሙጫ ከተደፈነ ግን ጠጋኙ ብዙ ጊዜ «ሙሉውን ግዙ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም።
ሞክሩ፦ አዋሽ ወይም ሰመራ ካለ ጥገና ቤት የተጣለ ሰሌዳ ለምኑና አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ፈልጉ። የቤታችሁን ፍሪጅ አትክፈቱ፤ ፍሪጁ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ሊነዝራችሁ ይችላል።