የጣና ባለታንኳዎች፦ ነገደ ወይጦ እና እኛ



ከደባርቅ ተነስቶ ለጉዞም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ባሕር ዳር የሚወርድ የግቢያችን ተማሪ መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ የሚያነሳው ታንኳን ነው። እኔም አንስቻለሁ። ጀንበሯ እየጠለቀች፣ ከደንገል የተሠራች ጠባብ ታንኳ፣ በላይዋ አንድ ቀዛፊ። ፎቶው ያምራል። ቀዛፊው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ሙስሊም መሆኑን ስሰማ ገረመኝ። ከዚያ ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ፣ ይህን የነገረኝ ሰው ራሱ ሙስሊም ሆኖ፣ ከእነሱ ቤት ምግብ እንደማይበላ አያይዞ መንገሩ ነው። ይህን ጽሑፍ ያመጣው ያ ጨዋታ ነው።

ስለ ወይጦዎች ነው የማወራው፤ ነገደ ወይጦም ይባላሉ። የሚኖሩት በጣና ዳርቻ ነው፤ በባሕር ዳር ከተማና አካባቢዋ፣ እንዲሁም በሌሎች የሐይቁ ዳርቻዎች። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ራሳቸውን ሙስሊም ብለው ይጠራሉ። አባቶቻቸው አባይን ተከትለው ከግብፅ እንደመጡ የሚናገር ትውፊት አላቸው። ታንኳ ላይ አያድሩም፤ ግን የቀድሞ ኑሯቸው ከታንኳ ብዙም አይርቅም ነበር። ጎጇቸው ከደንገልና ከሣር የሚቀለስ፣ በውኃው ዳር የሚቆም፣ አደኑና ዓሣው ሲጠራ ተነስቶ ወደ ሌላ ዳርቻ የሚሄድ ነበር። ቤቱም፣ ታንኳውም፣ ምንጣፉም፣ ሴቶቹ ሰፍተው ገበያ የሚያወጡት ቅርጫትም ከአንድ ተክል ነው።

ስለዚህ ተክል ትንሽ ልቆይ፤ ምሕንድስና ለሚማር ሰው ደንገል ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ደንገል በረግረግ ውስጥ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ ተክል ነው። ውጪው ጠንካራ ልጣጭ፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነጭ ሥጋ ነው። አጭደው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ሲደርቅ ውኃው ይወጣና በቦታው አየር ይገባል፤ አርኪሜደስ ያስተማረን ሁሉ እዚያ ነዶ ውስጥ አለ። ነዶውን ጎን ለጎን ደርድረው በልጥ ያስሩታል፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ይቀለብሱታል። ውስጡ ላይ ዕቃና ሰው የሚቀመጥበት ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረጋል። ምስማር የለ፣ ቅጥራን የለ። ውኃ ይገባል፤ ግን ታንኳዋን ማስጠም አይችልም፤ የምትንሳፈፈው እንደ ብረት ጀልባ ባዶ ሆዷን ይዛ ሳይሆን በራሱ በደንገሉ ቅልለት ነውና።

ጉድለቷም እዚያው ነው። ደንገሉ ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ታንኳዋ ውኃው ላይ ታስራ አታድርም፤ ተጎትታ ትወጣና ቀጥ ብላ ቆማ ትደርቃለች። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ነው። ከዚያ አዲስ ይሠራል። ደንገሉ በደጅ እስካለ ድረስ ይህ ችግር አይደለም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሳ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። ግብፅ ደንገል ጨርሳ ነበር። ጀልባዋን «ራ» ብሎ በግብፅ ያሠራት ከቻድ ሐይቅ ባመጣቸው ሰዎች ነው፤ እነሱም በደንገል ታንኳ የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። «ራ» ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘች በኋላ ውኃ ጠጥታ ከመድረሻዋ በፊት ተፈታች። በዓመቱ ሁለተኛዋ ጀልባ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። እኛ በአንድ ብር ዘመን ዕቃ ማሻገሪያ አድርገን የምንንቃት ታንኳ ማለት ይህች ናት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። የወይጦዎች ዋና ሥራ የጉማሬ አደን ነበር። በታንኳ ሆነው በጦር ይወጉታል፤ ሥጋውን ይበላሉ፤ ቆዳው ለጋሻና ለአለንጋ ይሸጣል። አማርኛችን ራሱ አለንጋውን «ጉማሬ» ብሎ የሚጠራው ከዚያ የተነሳ ነው። መኳንንቱ በጉማሬ አለንጋ ሲገርፉ፣ ነጋዴው ቆዳውን ሲገዛ፣ ማንም አልተጸየፈም። ሥጋውን የበላው አዳኝ ግን ርኩስ ተባለ። ክርስቲያኑ አብሮት አልበላም፤ አልተጋባም። ሙስሊሙም እንዲሁ። ሰላምታውን ይቀበል ይሆናል፤ ማዕዱን ግን አይቀርብም።

የጉማሬ ሥጋ ሐላል ነው ወይስ ሐራም የሚለው የፊቅህ ጥያቄ ነው። በመድረሳ የቀራን ሁሉ እንደምናውቀው ሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 96 የባሕርን አደን ይፈቅዳል፤ ግን ዑለማዎች በዝርዝሩ ተለያይተዋል። የሐነፊ መዝሀብ ከውኃ እንስሳት ዓሣን ብቻ ይፈቅዳል። የማሊኪ መዝሀብ በጣም ሰፋ ያደርገዋል። በውኃም በየብስም የሚኖር እንስሳ ላይ ሻፊዒያዎች ይጠነቅቃሉ። ከእነዚህ የትኛውንም ብንይዝ ግን ውይይቱ ስለ ሥጋው ነው። ከሦስቱም መዝሀብ ያንን ሥጋ የበላን ሙስሊም ልጅና የልጅ ልጅ፣ አደኑ ከቀረ በኋላም ቢሆን፣ ከማዕድ አርቁ የሚል አላገኘሁም። አደኑ ቀርቷል። ዛሬ ኑሯቸው ዓሣ ማጥመድ፣ ታንኳ መሥራት፣ ቅርጫትና የወፍጮ ድንጋይ መሸጥ፣ የቀን ሥራ ነው። መራቁ ግን አደኑ ሲቀር አብሮ አልቀረም።

ሁለተኛው ክስ ለአባይ የሚያቀርቡት መሥዋዕት ነው። አዎ፣ ለወንዙ መንፈስ የማረድ ልማድ ነበራቸው፤ በዲናችን ይህ ሽርክ ነው፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ዛርና ውቃቢ ያልገባበት የጎንደር ቤት፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም፣ ስንት ነው? የእኛን አያቶች ማንም ከኢስላም አላወጣቸውም። ሸኽ መጥቶ ቀስ ብሎ አስተማራቸው። ወይጦው ደጃፍ ግን የሚያስተምረው ሰው ገብቶ ቁርስ መብላት ነበረበት፤ እሱን ደግሞ አይፈልግም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው እኛ ራሳችን መለየት ምን እንደሆነ የምናውቅ መሆናችን ነው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ. በተደረገ ጉባኤ፣ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር የዚያ ዘመን ታሪክ አለበት። ሙስሊሙ ርስት አልነበረውም፤ ስለዚህ ነጋዴና ሸማኔ ሆነ። በዚህ በደባርቅ በኩል ወደ ምጽዋ የሚወርደውን የሲራራ መንገድ ያቀናው ያ ርስት አልባነት ነው። ወይጦውም ርስት አልነበረውም። ለእሱ የቀረለት ውኃው ነበር። በአንድ ሕግ የተገፋን ሁለት ሙስሊሞች ነን፤ አንዳችን በቅሎ ጫንን፣ አንዳችን ታንኳ አሰርን፣ ከዚያ በቅሎ የጫነው ታንኳ ያሰረውን ናቀው። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅም አብዛኛው ወይጦ አራሽ አልነበረም።

ይህ በጣና ብቻ የሆነ አይደለም። በካሽሚር በዳል ሐይቅ ላይ በሥዕል የምናያቸው ያማሩ የቤት ጀልባዎች የተስፋፉት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የአገሩ ገዢ እንግሊዞች መሬት እንዳይገዙ ስለከለከለ ነው፤ እነሱም ውኃው ላይ ቤት አሠሩ። ጀልባውን የሚያስተዳድሩት ሐንጂ የሚባሉት ሙስሊም ጀልበኞች ግን በከተማው ዘንድ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ነበሩ። በባንግላዴሽ ወንዞች ላይ ቤተሰባቸውን ይዘው በጀልባ የሚዞሩት ቤዴዎችም አብዛኞቹ ሙስሊም ናቸው፤ እነሱንም ጎረቤት ሙስሊም ይሸሻቸዋል። ሰው ውኃ ላይ የሚኖረው ውኃ ስለሚያምር ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ አሁን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው መሬቱን ማን ያዘው ብዬ ነው።

ወይጦዎች የጠፋባቸው ሌላም ነገር አለ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር በመጣ ጊዜ ወይጦዎች ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ልሳን እንዳላቸው ሰማ። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች አስመጣ። ሰዎቹ ግን እንደሚሰቀሉ ተነግሯቸው እንኳ አልመለሱለትም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሌሎች አጥኚዎች ሲመጡ የሚሰማው አማርኛ ብቻ ሆኖ ነበር። ያ ቋንቋ ምን ዓይነት እንደነበር ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከእነዚያ ሁለት ሰዎች ጋር ከመስቀያ ይልቅ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

አሁን ወደ ደንገሉ ልመለስ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም። ከሰፊ ትሪ ይቆጠራል። በደንቢያና በፎገራ በኩል ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ውኃው በአንድ ሜትር ቢቀንስ ዳሩ በጣም ርቆ ይሸሻል። በ1996 እ.ኤ.አ. አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃውን መጠን የሚቆጣጠር ግድብ ተጠናቀቀ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከዝናቡ ማነስ ጋር ለኤሌክትሪክ ብዙ ውኃ ሲለቀቅ ሐይቁ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ወረደ፤ መርከብ ቆመ። ውኃው የለቀቀውን መሬት ሞፈር ተከተለው። ያ መሬት ደግሞ የደንገሉ ቦታ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከሐይቁ ምዕራብ ውኃ እየወሰደ ሥራ ጀመረ። እኔ የመብራት ጠላት አይደለሁም፤ ይህን የምጽፈውም በመብራት ነው። ግን የውኃ ሚዛን ስንሠራ ገቢ፣ ወጪ፣ ትነት ብለን እንደረድራለን፤ ደንገል የሚባል ረድፍ በሠራሁት የመልመጃ ወረቀት ላይ አይቼ አላውቅም።

በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ ታየ። ከእኛ ቀድመው የተማሩ ወንድምና እህቶች በ2010 ዓ.ም. ገደማ በዘመቻ ወርደው ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ነቅለውታል፤ በስልካቸው ፎቶውን አሁንም ያስቀመጡ አሉ። ባለታንኳው ግን ከዘመቻው በፊትም በኋላም እዚያው ነው። እምቦጭ ውስጥ በመቅዘፊያ መሄድ ጭቃ ውስጥ እንደመሄድ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ የዓሣ ልማት ፕሮግራም ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ካስገባ ወዲህ ሩቅ የሚሄደው ባለሞተሩ ሆኗል፤ ታንኳው በዳር ቀረ፤ እምቦጩም የሚበዛው በዳር ነው። በከተማው በኩል ደግሞ የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ የተፈለገ ውድ መሬት ሆኗል።

እዚህ ደባርቅ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ጣና አይወርድም። ከሳንቃ በር በታች ያለው ገደል ሁሉ ውኃውን ለተከዜ ይሰጣል፤ ተከዜም በአትባራ አድርጎ ከአባይ ጋር የሚገናኘው ካርቱምን አልፎ ነው። ስለዚህ ስለ ጣና የእኛ ጉዳይ አይደለም ብሎ ለመከራከር ለሚፈልግ ሰው ካርታው ያግዘዋል። በአንድ ሶፍ የሚሰግዱትን ግን ካርታው አይለያቸውም። የጀመዓችን የባሕር ዳር ጉዞ ሲዘጋጅ ከገዳማቱ የጀልባ ጉብኝት አጠገብ አንድ ከሰዓት በወይጦዎች ሰፈር እንዲያዝ ለፕሮግራም ክፍሉ ጽፌ አስገብቻለሁ። ምሳ እዚያው እንድንበላም ጠይቄአለሁ። መሄድ የምትፈልጉ እህት ወንድሞች ስማችሁን ከዙህር ሶላት በኋላ ለክፍሉ ተጠሪ አስመዝግቡ፤ ቅርጫት የሚገዛ ካለ ብር ይያዝ።