«ከሁለት ያጣ» የሚባለው ማን ነው?

ሃያ ሁለት ማዞሪያ ጀርባ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ነበረች። የዘመዴ ልጅ፣ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ በማዕረግ የተመረቀው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራባት ነበር። የተለመደው ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የእሱ ግን ሙቀት በሥሩ እንዳያመልጥ ተደርጎ ስለተሠራ ባነሰ ኃይል ይጋግራል። ፊት ለፊቴ አንዲት እንጀራ አወጣ፤ ዓይናማ ናት፣ ጠርዟ አልደረቀም። ኮራሁበት።

ወርክሾፗ ግን ዓመት አልደፈነችም። ልጁ ዋጋ ሲተምን የቆጠረው ብረቱን፣ ሸክላውንና ሬዚስታንሱን ብቻ ነው። ኪራዩን፣ የራሱን ጉልበት፣ ተበላሽቶ የሚመለሰውን ምጣድ አልቆጠረም። በሸጠ ቁጥር ከሰረ፤ ገበያው ሲደራ ኪሳራውም ደራ። ሌላም ነገር ነበር። እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ አንዲት እናት ምጣዱን ወስደው በሳምንቱ መለሱለት። «ልጄ፣ የመጀመሪያዋስ ታምራለች። አሥረኛዋ ላይ ይቀዘቅዝብኛል፤ እኔ እኮ በቀን መቶ ነው የምጋግረው» አሉት። እሱ የሞከረው አንድ አንድ እየጋገረ፣ በመሃል ሙቀት እየለካ ነበር።

ተማሪ ሳለ ኮስት አካውንቲንግን ተጨማሪ አድርጎ ሊወስድ ፈልጎ ነበር። አማካሪው «ከሁለት ያጣ ትሆናለህ፤ አንተ ኢንጂነር ነህ፣ ሂሳብ የሚሠራልህ ትቀጥራለህ» ብለው መለሱት። አባቱም «እውነታቸውን ነው» አሉ።

ሙያዎችን አጣምሮ ስለመማር (ኢንተርዲሲፕሊነሪ ስለሚባለው) ከሚነገሩት ተረቶች ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው፦ ቴክኖሎጂንና ማኔጅመንትን አንድ ላይ የነካካ ሰው ሁለቱንም በወጉ አይዝም የሚለው።

ከሜዳ የተነሳ ወሬ ነው አልልም። ስማቸው ሁለት ሦስት ቃል ተሰፍቶ የተዘጋጀ፣ ውስጣቸው ሲገለጥ ግን ከየትምህርት ክፍሉ የመግቢያ ኮርስ የተለቀመባቸው ፕሮግራሞች አይጠፉም። የቅጥሩም ነገር አለ። ማስታወቂያው ላይ የትምህርት መስኮች ተዘርዝረው «ተዛማጅ» የምትል ቃል ትከተላለች። ምን ከምን እንደሚዛመድ የሚወስነው መዝጋቢው ነው፤ ዲግሪው ላይ ያለው ስም ከዝርዝሩ ጋር ካልገጠመ ማመልከቻው ወደ ጎን ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በየትምህርት ክፍሉ ነው። ልጁን አስተምሮ ሥራ የሚጠብቅ ወላጅ ቢፈራ አልፈርድበትም።

ይህ ግን የመዝጋቢው ችግር እንጂ የእውቀቱ አይደለም። ሁለቱ እውቀቶች ለየብቻ እንደማይበቁ ማስረጃ ለሚፈልግ ከሃያ ሁለት ባቡር ተሳፍሮ ወደ አያት መሄድ ይበቃል። ሌም ሆቴልን፣ መገናኛን፣ ጉርድ ሾላን አልፎ «ማኔጅመንት» የሚባል ፌርማታ ያገኛል። (ስሙ እዚያ ካለው የሥራ አመራር ተቋም የመጣ ነው፤ ለእኔ ግን ሁሌም ቅኔ ይመስለኛል።) ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ኤሌክትሪኩ ተሳበ፣ 41 ባቡሮች መጡ። በምሕንድስና ዓይን ሥራው አልቋል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ባቡሮች መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው፤ ትኬቱ የሚሸጠው በብር፣ ያውም ሲጀመር በ2፣ በ4 እና በ6 ብር። ታሪፉ ከፍ ቢል ድሃው ይወርዳል፤ ባይል ባቡሩ ይቆማል። እንግዲህ ይህ የየትኛው ትምህርት ክፍል ጥያቄ ነው? የሜካኒካሉ? የፋይናንሱ? የከተማ ፕላኑ? ለየብቻ ብትጠይቋቸው እያንዳንዳቸው ትክክል ይመልሱላችኋል፤ እናንተ ግን ፌርማታው ላይ እንደቆማችሁ ናችሁ።

የምርምሩም ነገር ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ስለሆነች ለጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ግን ተመራማሪው ብቻቸውን አልዘለቁትም። የትኛው የእንዶድ ዘር ብርቱ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚለማ የሚያውቅ የዕፅዋት ሰው አስፈለገ፤ ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ገቡበት። ዓለም አቀፍ ተቋማት የሚጠይቁትን የመርዛማነት ምርመራ ማን ያካሂዳል፣ ገንዘቡን ማን ያወጣል የሚለው ደግሞ ዓመታት በላ። ሁለቱ ምሁራን «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ቀንድ አውጣዎቹ ከታዩ 25 ዓመት በኋላ። አክሊሉ ፓራሲቶሎጂያቸውን አልጣሉም፣ ለገሰም ዕፅዋታቸውን። ማንም ከሁለት አላጣም።

እንግዲህ ተረቱን ማን ያቆየዋል? አባቶች አይደሉም፤ እነሱ የሰሙትን ነው የሚደግሙት። ትዕግሥቴን የሚጨርሱት የማስተማሪያ ሰዓታቸው እንዳይቀነስ ኮርስ የሚያጥሩ፣ ምክንያቱን ግን «ጥራት» ብለው የሚሰይሙ ናቸው። አጥሩ መልክዓ ምድርም አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ተመልከቱ፦ ሳይንስ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ አምስት ኪሎ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ስድስት ኪሎ። በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተው ኮሜርስ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ሰንጋ ተራ። እውቀትን በኪሎ የምንመዝን አገር ነን፤ ከአንዱ ኪሎ ወደ ሌላው ለመሻገር ግን የታክሲ ሰልፍ አለ።

የቀሩትን ተረቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ማኔጅመንት ነጥብ ያልመጣለት የሚገባበት ነው።» ይህን ያጸናው በከፊል ፖሊሲ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ ሲመደብ የቀረው ሁሉ ትርፍራፊ መሰለ። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ግን የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪውም ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች፣ ኢንጂነሪንግ የሚመኘውም ስለ ሥራ ፈጠራና አንትሮፖሎጂ እንዲማር ተደረገ። ብዙዎች «ጊዜ ማባከን» ይሉታል። ኮርሱ በአሰልቺ መንገድ ሲሰጥ እውነት አላቸው።

«ሁለት ዲግሪ ካለኝ ኢንተርዲሲፕሊነሪ ነኝ።» በያይነቱ አዝዛችሁ ታውቃላችሁ፦ ምስሩ በአንድ ወገን፣ ጎመኑ በሌላ፣ ሽሮው መሃል። አንድ እንጀራ ላይ ናቸው እንጂ አብረው አልበሰሉም። ሁለት ዲግሪም እንደዚያው ሊቀር ይችላል።

«የፈረንጅ ፋሽን ነው።» በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ግቢ አስተምሮ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። በእርግጥ የውጭ ድርጅቶች እገዛ ነበረበት። ያስገደደው ግን ወባዋ ናት፤ መድኃኒት የሚሰጥ ብቻውን፣ ረግረግ የሚያደርቅ ብቻውን አይችላትም።

ቴክኖሎጂንና ማኔጅመንትን ማጋባቱ ከመጀመሪያ ዓመት ይጀምር ወይስ ተማሪው በአንዱ ሙያ እግሩን ከተከለ በኋላ? እዚህ ላይ እኔም ሁለት ልብ ነኝ። የዘመዴን ልጅ የምሕንድስና ችሎታ ሳስብ በኋላ ይሻላል እላለሁ፤ እኚያ እናት የመለሱትን ምጣድ ሳስብ ደግሞ ቀድሞ በነበር እላለሁ።

ልጅዎን ለማስመዝገብ የሄዱ እንደሆነ ግን ስለ ፕሮግራሙ ስም አይጠይቁ። የመመረቂያ ሥራውን ማን ያርማል ብለው ይጠይቁ። ኢንጂነሩና የቢዝነስ መምህሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱን ሥራ አብረው የሚያርሙ ከሆነ ወረቀቱን ይሙሉ። «እያንዳንዱ የየራሱን ኮርስ ይሰጣል» ካሉዎት ጃንጥላዎን ይዘው ይውጡ።