የካምፓላ ፊልም ተርጓሚዎችና የፈቃድ ነገር

ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ካቴድራሎቿና መስጊዶቿ በኮረብቶቹ ራስ ላይ ሆነው ከሩቅ ሲታዩ፣ ዝናብ በዘነበ ቍጥር ጎርፍ በሚተኛበት ዝቅተኛ ስፍራ ግን ድኻው ሕዝብ በቆርቆሮ ቤት ተጠጋግቶ ይኖራል። በነዚህ የሸለቆ ሰፈሮች የሚዘዋወር መንገደኛ፣ ከበቆሎ ጠባሿና ከብስክሌት ጠጋኙ ጎን፣ ሉጋንዳ ተናጋሪው ለአንዱ «ኪባንዳ»፣ ለብዙው «ቢባንዳ» የሚለውን የቪዲዮ ቤት ሳያይ አያልፍም፤ ግድግዳው ጣውላ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ከደጁ በቆመው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ፊልሞች ስምና ሰዓት በጠመኔ ተጽፎበታል፤ በበሩም ላይ የቀን ብርሃን እንዳይገባ ጥቁር መጋረጃ ተንጠልጥሏል።

መጋረጃውን ገልጦ የገባ ሰው፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ፣ ቤቱን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው የእንግሊዝ ወይም የቻይና ወይም የህንድ ልሳን ሲሆን፣ በዚያ ላይ ሌላ ድምፅ፣ ፈጣንና ሞቅ ያለ የሉጋንዳ ድምፅ ይፈስሳል። ይህ ሰዎቹ «ቪጄ» የሚሉት የተርጓሚው ድምፅ ነው። ቪጄው በአንድ እጁ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ በሌላው እጁ የድምፅ መቈጣጠሪያውን እየነካ፣ ተዋናዩ አፉን ሲከፍት የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ እርሱ ራሱ ይናገራል፤ ጥይት ሲተኰስና ሙዚቃው ሲነሣ መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ለሆንግ ኮንጉ ባለታሪክ የሉጋንዳ ስም ያወጣለታል፤ የኒው ዮርኩን መንገድ የካምፓላ መንገድ አድርጎ ይጠራዋል፤ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ የተቀመጠውም ሕዝብ እርሱ ባለ ጊዜ ይሥቃል፣ እርሱ ባለ ጊዜ ይነሣል፣ ይጮኻል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ (በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዚህ ሥራ ያደጉት ሰዎች ዛሬ በከተማው እንደ ዘፋኝ ስማቸው የታወቀ ነው፤ ቪጄ ጂንጎ፣ ቪጄ ጁኒየር፣ ቪጄ ኤሚ የሚሉትን ስሞች የማያውቅ የካምፓላ ልጅ አይገኝም። ብዙዎቹም ትርጉማቸውን አስቀድመው ቀርጸው በዲስክና በፍላሽ ይሸጣሉ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሥራ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጉባኤ ቤት መምህሩ የግዕዙን ንባብ ካነበበ በኋላ በአማርኛ «አንድም» እያለ ምሥጢሩን ሲያፍታታ፣ ደቀ መዝሙሩ የሚሰማው ንባቡን ብቻ አይደለም፤ ንባቡን ወደ አገሩ ልሳንና ወደ አገሩ ምሳሌ ያመጣለትን መምህር ጭምር ነው። ቅዱሱን ትርጓሜ ከጨለማ ቤት ጨዋታ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ነገር ግን ባዕድ ቃልን ለወገን ጆሮ ማብቃት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ከማንም ይልቅ የትርጓሜ ልጆች የሆንን እኛ ልናውቀው ይገባል፤ ሙያ ከሆነም ባለቤት አለው፤ ባለቤት ካለውም ሕግ ሊያውቀው ይገባል። የነገሩ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያንቀሳቅስ ፊልም በዓለም ላይ እንዴት እንደሚሠራና በምን ፈቃድ እንደሚታይ ብንመለከት፣ የካምፓላው ጉዳይ ይበልጥ ይገለጥልናል። በአሜሪካ የካንሳስ ሲቲ የእሳት አደጋ ጓድ አለቃ የነበረው ጆርጅ ሄል በ1904 በሴንት ሉዊስ ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ የባቡር ፉርጎ የሚመስል ክፍል ሠርቶ፣ ከሚሮጥ ባቡር ፊት የተቀረጸ ፊልም በተመልካቹ ፊት ያሳይ፣ ፉርጎውንም ከሥሩ ያነቃንቅ ነበር፤ በአንዳንዱ ስፍራ ደግሞ ቆሞ ስለሚታየው አገር የሚያብራራ ሰው ነበረ። ያ ሰው ለካምፓላው ቪጄ፣ ጃፓኖችም «ቤንሺ» ለሚሉት የድምፅ አልባ ፊልም ተራኪ ወንድሙ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1987 በካሊፎርኒያ የዲዝኒላንድ መናፈሻ «ስታር ቱርስ» የተባለው፣ ከፊልሙ ጋር የሚነቃነቅ ሲሙሌተር ተከፈተ፤ መኪናው አስቀድሞ አውሮፕላን ነጂዎች ከሚሠለጥኑበት መሣሪያ የተወሰደ ሲሆን፣ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ያስቀምጣል፤ ሥራውም 32 ሚሊዮን ዶላር እንደ ፈጀ ይነገራል።

የዚህ ዓይነቱ ፊልም አሠራር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ፊልሙ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ አንድ ባለሙያ ምስሉን ደጋግሞ እያየ፣ መንገዱ ሲታጠፍ ወንበሩ እንዲያዘነብል፣ መኪናው ሲቆም ወደ ፊት እንዲደፋ፣ ለእያንዳንዷ ቅጽበት የወንበሩን እንቅስቃሴ ይሠራላታል፤ እንቅስቃሴው ከምስሉ ጥቂት እንኳ የዘገየ እንደ ሆነ ተመልካቹን ያጥወለውለዋል። ስለዚህ ወንበሩ ያለ ፊልሙ ብረት ብቻ ነው፤ ፊልሙም ያለ ወንበሩ ግማሽ ነው። ፈቃዱም እንዲሁ ነው፤ ዲዝኒ በዚያን ጊዜ ለ«ስታር ቱርስ» የፊልም ሠሪውን የጆርጅ ሉካስን ፊልም ስምና ገጸ ባሕርያት የተጠቀመው ከሉካስ ጋር ተዋውሎ ነው፤ በ1986 የተቋቋመውን አይወርክስን የመሰለ ድርጅት ደግሞ አጫጭር ፊልሞችን በክምችት ይዞ ለመናፈሻዎችና ለአዳራሾች ያከራይ ነበር። ታናሹም መናፈሻ፣ ፊልም መሥራት ባይችል፣ ኪራይ ከፍሎ በሕግ ያሳያል።

ከካባላጋላ ወደ ጋባ በሚወስደው መንገድ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በካንሳንጋ፣ ካምፓላም የራሷ የመዝናኛ ፓርክ አላት፤ ለሸለቆው ድኻ ልጅ ግን የርሱ መናፈሻ ኪባንዳው ነው፤ አግዳሚው ወንበር አይንቀሳቀስም፤ የሚያንቀሳቅሰው የቪጄው ድምፅ ነው። ታዲያ የዚህን ቤት ፈቃድ ማን ይሰጠዋል?

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የሚጠየቀው ፈቃድ ብዙ ነው። የንግድ ፈቃዱን ከ2011 ጀምሮ ከተማዪቱን ከሚመራው የካምፓላ ዋና ከተማ አስተዳደር ያወጣል፤ የፊልም ማሳያ ቤቶችንና የቪዲዮ ማከራያዎችን ፈቃድ በ2013 በወጣው ሕግ መሠረት የሚሰጠው የኡጋንዳ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው፤ ፊልም የመመርመር ሥልጣንም ለመገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት ተሰጥቷል። እነዚህ ሁሉ የቤቱ ፈቃዶች ናቸው፤ ከነርሱ አንዱ እንኳ የፊልሙ ፈቃድ አይደለም። የፊልሙን መብት የሚመለከተው የ1964ቱን ሕግ ሽሮ በ2006 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ሕግ ነው፤ ይህም ሕግ ሥራውን የማስተርጐምን መብት ለደራሲው ይሰጣል፤ መብት የጣሰውንም እስከ 4 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በገንዘብ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ያው ሕግ ደግሞ ትርጉምን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ ይጠብቃል። እንግዲህ ቪጄው በአንድ በኩል ሥራው ጥበቃ የሚገባው ባለሙያ ሆኖ ሳለ፣ በሌላ በኩል ሳያስፈቅድ በመተርጐሙ በደለኛ ይሆናል።

ከሆሊውድ ኩባንያ ቢሮ ሄዶ የሉጋንዳ ትርጉም ፈቃድ ይጠይቅ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ከአንድ ተመልካች ጥቂት ሽልንግ የሚሰበስብ ቤት በምን አቅሙ ይህን ሊያደርግ ይችላል? የሩቁ ባለመብት ቢጐዳ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የቅርቡ ግን ሕይወቱ ነው፤ ይህን ለማወቅ በዚያው በካምፓላ ወደ ዋካሊጋ መሄድ ይበቃል።

በዋካሊጋ ሰፈር ጡብ እየሠራ ይኖር የነበረው ናብዋና አይ. ጂ. ጂ. በ2005 ራሞን ፊልም ፕሮዳክሽንስን መሠረተ፤ ካሮጌ ዕቃ ኮምፒዩተር ገጣጠመ፤ ጎረቤቶቹን ተዋናይ አደረገ፤ ከቁርጥራጭ ብረት የጠመንጃ አምሳል አሠራ፤ ለደም ቀይ የምግብ ማቅለሚያ ተጠቀመ። በ2010 የወጣው «ሁ ኪልድ ካፒቴን አሌክስ» የተባለው ፊልሙ ከ200 ዶላር ባነሰ ገንዘብ እንደ ተሠራ ይነገራል፤ በዩቲዩብ አማካይነት ዓለም ሲያየው፣ በ2015 ለአዲስ ፊልም 160 ዶላር በለመነ ጊዜ ከ13,000 ዶላር በላይ መጣለት። በአገሩ ግን ገበያው ሌላ ነው፤ ተዋናዮቹ ራሳቸው ዲስኩን ተሸክመው ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይሸጣሉ፤ የሚሸጡትም ቀጣፊው ገልብጦ በርካሽ እስኪያወጣው ድረስ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ለዚህ ሰው የቅጂ መብት የሩቅ አገር ነገር አይደለም፤ የልጆቹ እራት ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም የተለመዱ ንግግሮች አልቀበላቸውም። «የሕዝብ ባህል ነውና ይተው» የሚለው ናብዋናን ለቀጣፊ አሳልፎ ይሰጣል፤ «ሕገ ወጥ ነውና ይዘጋ» የሚለውም መተርጐሚያ ልሳኑን ከሕዝቡ ይነጥቃል። መንገዱ አይወርክስ ለታናናሾቹ መናፈሻዎች ያደረገው ነው፤ ይኸውም ቢባንዳው ከቤቱ ፈቃድ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ ትንሽ ኪራይ ከፍሎ፣ በአንድ ማኅበር በኩል ለአገር ውስጥ አዘጋጆችና ለቪጄዎች የሚከፋፈልበትን የጋራ ፈቃድ ማቆም ነው። ሕጉ ለመብት ሰብሳቢ ማኅበራት ስፍራ ሰጥቷል፤ የጐደለው ኪራዩን በድኻው ቤት አቅም ልክ መተመን ነው። እኛም በ2004 በወጣው አዋጅ ቍጥር 410 የቅጂ መብትን ካወጅን ወዲህ የቪዲዮ ቤቶቻችንንና የፊልም ተርጓሚዎቻችንን ነገር ገና አልጨረስንምና፣ የካምፓላው ጥያቄ የጎረቤት ብቻ አይደለም።

የናብዋና ኮምፒዩተር የማስቀመጫ አቅሙ ትንሽ ስለ ነበረና የመብራት ኃይል መዋዠቅም ስለ ጐዳው፣ የ«ካፒቴን አሌክስ» የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል። ዛሬ በዓለም ያለው ፊልም ቪጄ ኤሚ ድምፁን የጨመረበት ቅጂ ብቻ ነው።